ሽጉጡ አለ፤ ማህደሩስ?

ከአባት ከሚቀሩ ዕቃዎች ሁሉ እንደ ሽጉጥ አስቸጋሪ የለም። ሰዓት ቢሆን ይታሰራል፤ ካፖርት ቢሆን ይለበሳል፤ ጋቢ ቢሆን ታጥቦ ይቀመጣል። ሽጉጥ ግን እንዲሁ አይጣል፣ ለጎረቤት አይሰጥ፣ ጠረጴዛ ላይ አይተው። በዚህ ወር ዓምዳችን የምናነሳው ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ የደረሰን ደብዳቤም ይህንኑ ጭንቀት የያዘ ነው።

ጸሐፊዋ ኢትዮጵያዊት ናት፤ ባለቤቷ አሜሪካዊ። አማቷ በኦሃዮ ግዛት በምትገኝ አንዲት መካከለኛ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1954 እስከ 1976 በፖሊስነት አገልግለው በጡረታ ኖረው ባለፈው ዓመት አርፈዋል። ለልጃቸው የደረሱት ዕቃዎች የደንብ ልብሳቸው ኮፍያ፣ ባጃቸው፣ አንድ ፎቶግራፍና ስድስት ጎራሽ ሽጉጣቸው ናቸው። የሽጉጡ ማህደር ግን የት እንደገባ አልታወቀም። ባለቤቷ ሁሉንም በመስታወት ሳጥን አድርጎ ሳሎን ሊሰቅል አሰበና ማህደር ገዛ። ቡናማ ነው፤ ዳር እስከ ዳር አበባ ተቀርጾበታል፤ ከታች ጭን ላይ የሚታሰርበት ጠፍር አለው። የ11 ዓመት ልጃቸው ይህን ባየ ጊዜ «አያቴ ካውቦይ ነበሩ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

«እኔ ስለ ሽጉጥ የማውቀው ነገር የለም» ትላለች እኅታችን። «ነገር ግን አማቴ ስለ ሥራቸው የሚያወሩ ሰው አልነበሩም። ልጄ ከእንግዲህ አያቱን የሚያውቀው በዚያ ሳጥን ነው። የተሳሳተ ነገር ባይነግረው ደስ ይለኛል። ትክክለኛውን ማህደር እንዴት እናግኝ?»

ጥያቄው ስለ ቆዳ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ስለ ሰው ነው። እኛ የሽጉጥ ቤት የምንልበት «ማህደር» የሚለው ቃል ራሱ ማደሪያ ማለት ነው። አያቶቻችን ዳዊታቸውን የሚያኖሩበትን፣ በትከሻ የሚንጠለጠለውን የቆዳ ቤትም ማህደር ይሉታል። ማህደር አይተው የባለቤቱን ኑሮ ይገምታሉ፤ መንገደኛ ነው ወይስ የቤት ሰው፣ ጠንቃቃ ነው ወይስ ግድ የለሽ። የፖሊስም ማህደር እንደዚሁ ነው። ሽጉጡ ከፋብሪካ በብዙ ሺህ ተመሳሳይ ሆኖ ይወጣል። ሰውየው በየቀኑ ስንት ሰዓት እንደታጠቀው፣ በየትኛው ጎኑ እንደያዘው፣ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ይሠራ እንደነበር ወይም በእግሩ ይዞር እንደነበር የሚናገረው ቆዳው ነው። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ይባል የለ? ለዚህ ሽጉጥም ብርሌውን እንፈልግለት። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች፣ ካልተገለጸ በቀር፣ ሁሉም እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከሁሉ በፊት

ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት ሽጉጡ ባዶ መሆኑ ይረጋገጥ። ይህን የሚያደርገው የሚያውቅ ሰው ይሁን፤ ልጆች በሌሉበት ይሁን። ስድስቱ ጥይት የሚጎርስበት ተሽከርካሪ ክፍል ወደ ጎን ተከፍቶ ስድስቱም ቀዳዳ አንድ በአንድ ይታይ። ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ስለቆየ ባዶ ነው ብሎ መገመት አያዋጣም።

አሮጌ ሽጉጥ ሌላም ጠባይ አለው። በ1944 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት አንድ የአሜሪካ መርከበኛ፣ የወደቀ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሽጉጥ በራሱ ተኩሶ ከገደለው በኋላ ፋብሪካው መምቻውን የሚያግድ የተሻሻለ የደኅንነት ብረት ጨመረ። ከዚያ በፊት የተሠሩት ከእጅ ቢወድቁ አደገኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ማህደር ለመለካት ሲባል የጎረሰ ሽጉጥ ይዞ መዞር የለም።

ሽጉጡ ማን ነው?

ከ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ እስከ 1980ዎቹ ድረስ አብዛኛው የአሜሪካ ፖሊስ የታጠቀው የሁለት ፋብሪካዎችን ሥራ ነው፤ በማሳቹሴትስ ስፕሪንግፊልድ የነበረውን የስሚዝ ኤንድ ዌሰንን እና በኮነቲከት ሃርትፎርድ የነበረውን የኮልትን። የኮልት ስም በእኛም አገር የታወቀ ነው፤ ሽጉጥን ሁሉ ኮልት ብለው የሚጠሩ አዛውንቶች ዛሬም አሉ።

የስሚዝ ኤንድ ዌሰን «ሚሊታሪ ኤንድ ፖሊስ» በ1899 ወጣ። በ1957 ፋብሪካው ለሽጉጦቹ ቁጥር መስጠት ሲጀምር «ሞዴል 10» ተባለ። የኮልት «ኦፊሻል ፖሊስ» ደግሞ በ1927 ወጥቶ እስከ 1969 ድረስ ተሠርቷል። በዘመኑ የነበረ ፖሊስ ከእነዚህ አንዱን፣ .38 ስፔሻል የሚባለውን ጥይት የሚጎርሰውን ይዞ መገኘቱ እጅግ የተለመደ ነው።

ሁለቱን ለመለየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። በግራ ጎን፣ ተሽከርካሪውን የሚከፍተውን ትንሽ ብረት እዩ። ወደ ፊት ሲገፋ የሚከፈት ከሆነ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ነው፤ ወደ ኋላ ሲሳብ የሚከፈት ከሆነ ኮልት። ተሽከርካሪውም ከኋላ ሆኖ ለሚያየው በኮልት ወደ ቀኝ፣ በስሚዝ ኤንድ ዌሰን ወደ ግራ ይዞራል። ይህ ለማህደር ፍለጋ ምን ያደርጋል ካላችሁ፣ ኦፊሻል ፖሊስ ከሚሊታሪ ኤንድ ፖሊስ ትንሽ ተለቅ ያለ ነው። ጥሩ ማህደር በሽጉጡ አካል ልክ የተቀረጸ ስለሆነ ለአንዱ የተሠራው ሌላውን ወይ ያጠብቀዋል ወይ ያላላዋል።

ቀጥሎ የአፈሙዙን ርዝመት ለኩ። የሚለካው ከአፉ እስከ ተሽከርካሪው ፊት ድረስ ነው። ሲቪል ለብሶ የሚሠራው መርማሪ ባለ 2 ኢንች ይመርጥ ነበር፤ ደንብ ልብስ ለባሹ ብዙ ጊዜ ባለ 4 ኢንች፣ ቀደም ባሉት ዓመታት ደግሞ ባለ 5ና ባለ 6 ኢንች ይይዛል። ባለ 4 ኢንች ሽጉጥ ባለ 6 ኢንች ማህደር ውስጥ ከገባ ከታች ባዶ ቆዳ ይንጠለጠላል። የአባቱን ጫማ ያጠለቀ ሕፃን ይመስላል።

በመጨረሻ የመለያ ቁጥሩን አንብቡ። በስሚዝ ኤንድ ዌሰን ላይ ከእጀታው ሥር ይገኛል። ከቁጥሩ በፊት «ቪ» የሚል ፊደል ካለው ሽጉጡ በጦርነቱ ዓመታት ከ1942 እስከ 1945 የተሠራው ነው። «ሲ» ከሆነ ከ1948 እስከ 1967 ገደማ ባለው ጊዜ፣ «ዲ» ከሆነ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። ከዚህ በላይ ማወቅ ለሚፈልግ ሁለቱም ፋብሪካዎች ከመዝገብ የሚወጣ ደብዳቤ በክፍያ የሚገኝበት መንገድ አላቸው። ደብዳቤው ሽጉጡ ከፋብሪካ የወጣበትን ቀንና የተላከበትን ቦታ ይገልጻል። ለከተማው ፖሊስ መምሪያ ተልኮ ከሆነ ቤተሰቡ አንድ ትልቅ ነገር አገኘ ማለት ነው።

ሰውየውስ?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቸኩሎ ወደ ገበያ ይሮጣል። ቆይ! ሽጉጡ መቼ እንደተሠራ ማወቅ ሰውየው መቼ እንደታጠቀው ማወቅ አይደለም። በ1950 የተሠራ ሽጉጥ ይዞ በ1976 ጡረታ የወጣ ፖሊስ ብዙ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር እኅታችን እጅ ያለው ፎቶግራፍ ነው። በማጉያ መነጽር ታይቶ እነዚህ ጥያቄዎች ይመለሱ። ማህደሩ በቀኝ ነው በግራ? እጀታው ወደ ኋላ ነው የሚያየው ወይስ በሌላው እጅ ተሻግሮ እንዲመዘዝ ወደ ፊት? ከቀበቶው ጋር ከፍ ብሎ ተጣብቋል ወይስ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሏል? ሽጉጡን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ክዳን አለው ወይስ መምቻው ላይ የሚያልፍ ቀጭን ማሰሪያ? ቀበቶው ላይ የጥይት ቀለበቶች በረድፍ ይታያሉ ወይስ የተዘጋ ትንሽ የቆዳ ኪስ? ቆዳው ልሙጥ ነው ወይስ የመሶብ ስፌት የመሰለ ቅርጽ የታተመበት?

በትከሻ ላይ አግድም የሚያልፍ ጠፍር ካለም ዝም ተብሎ አይታለፍ። ይህ ጠፍር ሳም ብራውን የሚባለው ነው። ስሙን ያገኘው በ1858 በሕንድ ውጊያ ላይ ግራ እጁን ካጣው እንግሊዛዊ መኮንን ከሳሙኤል ብራውን ነው። የቀበቶውን ክብደት ትከሻ እንዲሸከመው ያደረገው ያ ጠፍር ዓለምን ዞረ፤ ጃንሆይ የወታደር ልብስ ለብሰው በተነሷቸው ፎቶግራፎች ላይም ይታያል። ብዙ የአሜሪካ ፖሊስ መምሪያዎች ለዓመታት ለብሰውት ኋላ ላይ ከሥራ ልብስ አስወጥተውታል። ስለዚህ ጠፍሩ በፎቶው ላይ መኖር አለመኖሩ ራሱ የዘመን ምልክት ነው።

አንድ ፎቶግራፍ ካልበቃ የከተማው ቤተ መጻሕፍት የድሮ ጋዜጦችን ያስቀምጣል፤ የፖሊስ መምሪያዎችም ሠራተኞቻቸው በጋራ የተነሷቸውን ፎቶግራፎች የያዙ መጽሔቶች ያሳትሙ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጡረተኞቹ አሉ። አብሯቸው የሠራ አንድ ሽማግሌ በሕይወት ካለ ደውላችሁ «ምን ዓይነት ማህደር ነበር የምትታጠቁት?» ብላችሁ ጠይቁ። ስለ ማህደር የተጠየቀ ሰው ስለ ሌላም ብዙ ነገር ማውራቱ አይቀርም። ልጁ ስለ አያቱ መስማት የሚፈልገውም ያንን ነው።

አሁን አንድ ቀላል ሕግ ያዙ። ማህደሩ ከሰውየው አገልግሎት በፊት የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ከጡረታው በኋላ የተሠራ ግን ሊሆን አይችልም። ብዙ ቦታ ፖሊሱ የቆዳ ዕቃውን መምሪያው በሚያዘው ዓይነት ከኪሱ ይገዛ ነበር። የገዛውንም እስኪበጠስ ይታጠቀዋል። ስለዚህ በ1970 ፎቶ ላይ የ1955 ማህደር ብናይ አይገርምም፤ በ1955 ፎቶ ላይ የ1970 ማህደር ግን አይገኝም።

ቆዳው በየዘመኑ

ቴዎዶር ሩዝቬልት ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት የኒው ዮርክ ፖሊስ ኮሚሽነር በነበረበት በ1896፣ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ፖሊስ የፈለገውን ሽጉጥ ይይዝ የነበረበትን አሠራር አስቀርቶ አንድ ዓይነት ኮልት፣ ባለ .32ውን፣ አስታጠቀ። በዚያ ዘመን በምሥራቁ ቀዝቃዛ ከተሞች ሽጉጥ ብዙውን ጊዜ ከረጅሙ ካፖርት ሥር ይደበቅ ነበር። ማህደሩም ትንሽና ተራ ነው።

ከዚያ ሌላ ችግር መጣ። ሽጉጡ ውጭ ላይ ሲታይ ሌላ ሰው ከኋላ መንጭቆ ይወስደዋል። የዘመኑ ማህደር ሠሪዎች ጭንቀት ሁለት ነው፤ ለባለቤቱ ቶሎ እንዲወጣ፣ ለሌላው እንዳይወጣ። በ1914 ኒው ዮርክ ውስጥ ፓተንት የተሰጠው የኦድሊ ማህደር ውስጡ የብረት መያዣ ነበረው፤ ባለቤቱ ጣቱን በትክክለኛው ቦታ ካላሳረፈ ሽጉጡ አይለቅም። በ1930ዎቹ ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ እንደ ዛጎል ለሁለት የሚከፈት ማህደር ተሠራ። ጣት ምላጩን በሚከልለው ቀለበት ውስጥ ያለችውን ቁልፍ ሲጫን ማህደሩ በስፕሪንግ ብርግድ ይላል። የሎስ አንጀለስ ፖሊሶች ለዓመታት ታጥቀውታል።

በ1950ዎቹ ቢል ጆርዳን የሚባል የድንበር ጠባቂ ፖሊስ ከኤል ፓሶው ቆዳ ሠሪ ከማየርስ ጋር ሆኖ የነደፈው ማህደር ገነነ። ሽጉጡን ከሰውነት ራቅ አድርጎ ይይዛል፤ ምላጩም ገልጦ ይተወዋል። ይህ ዓይነቱ ቅርጽ በብዙ የቆዳ ቤቶች ተቀድቶ ወደ ተራው ፖሊስ ወገብ ወረደ። በዚያው ዘመን ከቀበቶው ሥር ዞር ዞር በሚል ማንጠልጠያ የተያያዘ ማህደርም ነበር። ፖሊሱ መኪና ውስጥ ሲቀመጥ ማህደሩ ከወንበሩ ጋር እንዳይታገል ዘወር ይልለታል።

በሚያዝያ 1970 በካሊፎርኒያ፣ ኒውሆል በተባለ ቦታ አራት የሀይዌይ ፖሊሶች በአንድ ሌሊት የተኩስ ልውውጥ ተገደሉ። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ የፖሊስ ሥልጠናና ትጥቅ እንደገና ተፈተሸ። ጥይት አንድ በአንድ ከማጉረስ ይልቅ ስድስቱን ባንዴ የሚያጎርስ ክብ መያዣ እየተለመደ መጣ፤ ለእርሱ የሚሆን ኪስም ቀበቶ ላይ ታየ። በ1970ዎቹ በአውራ ጣት ገፋ ሲደረግ የሚከፈተው ማሰሪያም ተስፋፋ። በ1980ዎቹ የናይለን ትጥቅ መጣ። በ1986 ማያሚ ላይ ሁለት የኤፍቢአይ አባላት ከተገደሉ በኋላ ፖሊስ ስድስት ጎራሹን እየተወ ወደ ብዙ ጎራሹ አውቶማቲክ ሽጉጥ ዞረ። ኒው ዮርክ አዲስ ምልምሎቿን ከ1993 ጀምሮ ባለ 9 ሚሊሜትር አስታጠቀች፤ የመጨረሻዎቹ የስድስት ጎራሽ ወዳጆች ግን እስከ 2018 ድረስ ይዘውት ቆይተዋል።

እንግዲህ ከ1954 እስከ 1976 ያገለገለ የኦሃዮ ፖሊስ የት ላይ ይወድቃል? ፎቶግራፉ ሌላ ካላለ በቀር ፍለጋው የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ጥቁር፣ ልሙጥ፣ ለባለ 4 ኢንች የተሠራ፣ መምቻው ላይ ጠቅ በሚል ቁልፍ የሚዘጋ ማሰሪያ ያለው። ናይለኑ ይቅር። ስድስቱን ባንዴ የሚያጎርሰው መያዣ ኪስም ለመጨረሻዎቹ ዓመታት ካልሆነ በቀር አይገባም።

ባለቤትሽ የገዛው ያ አበባማ ማህደርስ? ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ ጭን ላይ የሚታሰረው ዓይነት፣ እንኳን ለኦሃዮ ፖሊስ፣ ለእውነተኛው የ19ኛው መቶ ዘመን ካውቦይም ባዕድ ነው። የተስፋፋው በ20ኛው መቶ ዘመን፣ በተለይም በሆሊውድ ፊልሞች ነው። ልጅሽ በትክክል አይቷል፤ ያየው ግን የፊልም ካውቦይ ነው።

ቆዳው ራሱ ሲናገር

ሻጭ «የ1950ዎቹ ነው» ይላል። ቆዳውን ገልብጣችሁ ጠይቁት።

የፓተንት ቁጥር ካለው ነገሩ ያለቀ ነው። የአሜሪካ ፓተንት ቁጥር በ1935 ሁለት ሚሊዮን፣ በ1961 ሦስት ሚሊዮን፣ በ1976 መጨረሻ ደግሞ አራት ሚሊዮን ደርሷል። ቁጥሩ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሆኖ ሳለ «የ1950ዎቹ ነው» ያለ ሻጭ ወይ አያውቅም ወይ ያውቃል። ከአራት ሚሊዮን በላይ ከሆነ ደግሞ የእኅታችን አማት ጡረታ ወጥተዋል።

ማሸጊያ ሳጥን ወይም የድሮ ካታሎግ አብሮ ከተገኘ አድራሻውን አንብቡ። ባለ አምስት አኃዙ የአሜሪካ ፖስታ መለያ፣ ዚፕ ኮድ የሚባለው፣ የተጀመረው በ1963 ነው። አድራሻው ላይ እርሱ ካለ ሳጥኑ ከዚያ ወዲህ የታተመ ነው። የከተማ ስምም ይናገራል። ቢያንኪ የተባለው ታዋቂ ማህደር ሠሪ ሥራውን የጀመረው ሞንሮቪያ፣ ካሊፎርኒያ ነው፤ መሥራቹ ጆን ቢያንኪም ራሱ ፖሊስ ነበር። ኋላ ላይ ፋብሪካው ወደ ቴሜኩላ ሄደ። ማኅተሙ ላይ የምታነቡት ቴሜኩላ ከሆነ ቆዳው ከኋለኞቹ ነው።

ከዚያ ጠባሳውን እዩ። ለዓመታት ሽጉጥ ያደረበት ቆዳ የተሽከርካሪውን ክብ ከውጭ ያወጣዋል። ያ ክብ ከናንተ ሽጉጥ ተሽከርካሪ ጋር ይገጥማል? ወይስ ቆዳው የሌላ ሽጉጥ መልክ ይዟል? እውነተኛ አገልግሎት ቆዳን እኩል አያረጀውም። የመኪና ወንበር የሚነካው ጎን ይላጫል፤ ወደ ሰውነት የዞረው ጎን በላብ ይጠቁራል፤ የማሰሪያው ጫፍ በጣት ይለሰልሳል። ዙሪያውን እኩል የተፋቀና እኩል የጠቆረ ማህደር ካያችሁ፣ ያረጀው ወገብ ላይ ሳይሆን ሱቅ ጓሮ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በዘመኑ ቅርጽ ዛሬ የተሠራ አዲስ ማህደር መግዛት ነውር አይደለም። አዲስ መሆኑን የማይደብቅ ቅጂ፣ አሮጌ ነኝ ከሚል ውሸታም ቆዳ ይሻላል።

ማህደሩ ይሰቀል፤ ሽጉጡ ይቆለፍ

ትክክለኛው ማህደር ተገኘ እንበል። የብዙ ሰው ቀጣይ ሥራ ሽጉጡን ከትቶ መስቀል ነው። ይህን አታድርጉ። ቆዳ ከአየሩ እርጥበት ይስባል፤ ሲለፋ የገባበት ጨውና አሲድም ውስጡ አለ። ከቆዳ ጋር ተጣብቆ የከረመ ብረት ጥቁር ሰማያዊ ቀለሙን ያጣል፤ ይዝጋል። በቆዳ ቀለበት ውስጥ የተተወ የጥይት ቀለህም አረንጓዴ ዝገት ያበቅላል። ቆዳውም ብረቱም የሚጎዱት አብረው ሲኖሩ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የ11 ዓመቱ ልጅ ነው። የመስታወት ሳጥን ቁልፍ አይደለም። በሜሪላንድ ሕግ የጎረሰ ሽጉጥ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ተቆጣጣሪ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ መተው ያስቀጣል፤ ሕግ ባይኖርም የወላጅ ልብ ይበቃል። ሽጉጡ ባዶውን፣ በቀጭን ዘይት ተወልውሎ፣ ቁልፍ ባለው የብረት ሣጥን ይቀመጥ። ጥይት ካለ ለብቻው፣ በሌላ ቦታ ይቆለፍ።

ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው ባዶው ማህደር ነው። ቅርጹ እንዳይጎድል ውስጡ በሽጉጡ ልክ የተቀረጸ ቁራጭ እንጨት፣ አሲድ በሌለው ወረቀት ተጠቅልሎ ይግባበት። የበሬ እግር ዘይት የሚባለውን እየደጋገሙ መቀባት ግን ቆዳውን አልፈስፍሶ ቅርጹን ያጠፋዋል። የጠበበ ማህደርን ውኃ ነክሮ ማስፋትም አሮጌ ቆዳን ይሰነጥቃል። ሲነካ ቀይ ብናኝ የሚያራግፍ ከሆነ ቆዳው ከውስጥ እየበሰበሰ ነውና ዘይት አያድነውም፤ የቆዳ ጥገና ባለሙያ ይየው። ከፀሐይ፣ ከራዲያተርና ከወጥ ቤት እንፋሎት ራቅ ያለ ግድግዳ ይመረጥ።

ስለ ሕጉም አንድ ቃል። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ በኑዛዜ ወይም በውርስ የተላለፈ ሽጉጥ ከግዛት ግዛት እንዲሻገር በልዩ ሁኔታ ይፈቅዳል፤ ይህ የሚሆነው ግን ተቀባዩ በሚኖርበት ግዛት ሕግ እንዲይዝ የሚፈቀድለት ሲሆን ነው። የሜሪላንድ ሕግ ጠበቅ ካሉት ነውና ባለቤትሽ ጠበቃ ወይም የግዛቱን ፖሊስ አስቀድሞ ይጠይቅ። አዲስ አበባ ሆናችሁ የአባት ሽጉጥ ሣጥን ውስጥ ያገኛችሁ አንባብያንም፣ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ዓ.ም. እንዳለ አስታውሱ፤ «የአባቴ ነው» ማለት ፈቃድ አይሆንም። ባዶ ማህደርን ግን የትም ቤት ማስቀመጥ ይቻላል።

እንዲያውም ባዶው ማህደር ከሽጉጡ ይልቅ ብዙ ይናገራል። ልጁ ጎንበስ ብሎ ወንበር የላጨውን ጎን ያያል። «ይህ ለምን ተላጨ?» ይላል። «በመኪና ሲዞር የዋለ ፖሊስ ማህደር እንዲህ ይሆናል» ይባላል። ወሬው ስለ ሥራ ይሆናል፤ ስለ ተኩስ አይሆንም።

ከሥሩም ትንሽ ጽሑፍ ይለጠፍ። ስማቸው፣ ያገለገሉባት ከተማ፣ ከ1954 እስከ 1976። ቀጥሎም ይህ ይጻፍ፦ «ባጁና ኮፍያው የእሳቸው ናቸው። ማህደሩ በዘመናቸው ይታጠቁት ከነበረው ዓይነት ነው፤ የራሳቸው ግን አይደለም።» ይህች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር አትቅር። ከ50 ዓመት በኋላ ሳጥኑን የሚወርሰው ሰው የትኛው የአያቱ፣ የትኛው የገበያ እንደሆነ የሚያውቀው በእርሷ ብቻ ነው።

ውድ አንባብያን፣ እናንተም ቤት ከባለቤቱ የተለየ ዕቃ ካለ፣ ሰይፍ ያጣ አፎት፣ ዳዊት የሌለበት ማህደር፣ ሰዓቱ የጠፋ ሰንሰለት፣ ጻፉልን። ጓደኛውን አብረን እንፈልግለታለን።